አውቶክሌቩ 15 ያሳያል፣ ስፖሩ ግን አልሞተም

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ለሲኤስአር (ዕቃ ታጥቦ ከጀርም ነጻ የሚደረግበት ክፍል)፣ ለኦፕሬሽን ክፍልና ለባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ሰዎች ነው። ደጋ ላይ ያለ፣ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም የማይለይ አንድ ሆስፒታል ቆሞ የሚሠራ አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃን በግፊት ባለ እንፋሎት ከጀርም ነጻ የሚያደርግ ማሽን) አለው። አየሩን በፓምፕ የሚስብ ዓይነት አይደለም፤ እንፋሎቱ አየሩን ወደ ታች ገፍቶ እንዲያስወጣ የተሠራ ነው። ማተሚያ የለውም፣ የሙቀት ንባብም የለውም፤ ያለው አንድ የግፊት ጌጅ ብቻ ነው። የተጠቀለለ ዕቃ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀትም 121 ዲግሪ፣ 15 ፒኤስአይ፣ 30 ደቂቃ ይላል። ፓኩ (የተጠቀለለው ዕቃ) ላይ ከውጭ የሚለጠፈው፣ ሲሞቅ የሚጠቁረው ቴፕ ሁልጊዜ ይጠቁራል። በቅርቡ የስፖር ቱቦ (ሙቀትን በጣም የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር ያለበት መፈተኛ) ተገኝቶ መሞከር ሲጀመር ግን ሦስት ሳምንት በተከታታይ የገባው ቱቦ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ማለትም ስፖሩ በቀለ። በዚያ ላይ ከሚወጡት ፓኮች ብዙዎቹ እርጥብ ናቸው። 30ው ደቂቃ ወደ 45 ይነሣ ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

ክሩ (የጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት) ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። የስድብ ቢጤዎቹን ዘልያቸዋለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ፣ ወደ ማሽኑ ከመሄዳችሁ በፊት ፈተናውን ራሱን ፈትኑት አለች። አራት ነገር ጠየቀች፦ አውቶክሌቭ ያልገባው ማነጻጸሪያ ቱቦ በቅሏል ወይ? የሁለቱ የምርት ቁጥር አንድ ነው ወይ? ኢንኩቤተሩ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ይይዛል ወይ? የተፈተነው ቱቦ የት ነበር የተቀመጠው? የመጨረሻውን ያነሣችው ቱቦውን ከላይ፣ ለብቻው፣ ሳይጠቀለል የሚያስቀምጥ ሰው ስለሚበዛ ነው፤ እንደዚያ የተቀመጠ ቱቦ በቀላሉ ያልፋል። ትክክለኛው ቦታ ትልቁ ፓክ መሐል፣ ከታች፣ ማስወጫው አጠገብ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር የሚተኛው እዚያ ነውና። ስለ ኢንኩቤተሩም አንድ ነገር ጨመረች። ቱቦው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ፣ ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ፣ ሙቀት ወዳድ ስለሆነ በተራው የ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ካስቀመጡት በሕይወት ቢኖርም አይበቅልም። ያኔ ማነጻጸሪያውም ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል፣ ሰዉም አለፍን ብሎ ይፈርማል።

መልስ 2

ይህ የራሴ ነው። ማነጻጸሪያው ቢጫ ሆኗል፣ የምርት ቁጥሩ አንድ ነው፣ ኢንኩቤተሩ 56 ላይ ነው፣ ቱቦውም ከታች ካለው ትልቅ ፓክ መሐል ነበር። ስለዚህ ፈተናው አልዋሸም።

መልስ 3

ኦፕሬሽን ክፍል ብዙ ዓመት እንደሠሩ የሚታወቁ ሲስተር ናቸው። ማሽኑን አትውቀሱት፣ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው አሉ፤ ዕቃ ያጭቃል፣ በሩን ቶሎ ይከፍታል፣ ፓኩ ይረጥባል። ቴፑ እስከ ጠቆረ ድረስ ስቴራይል (ከጀርም ነጻ) ነው፤ የሚያሳስብ ከሆነም 45 ደቂቃ አድርጉትና ተገላገሉ ሲሉ ደመደሙ። ስለ ማጨቁና ስለ በሩ ያሉት ልክ ነበር፤ ክሩ ወደዚያ የተመለሰው ግን በመልስ 15 ነው።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ከረር አለ። ይህ መላሽ ሲስተርን በአክብሮት ጠርቶ ቢጀምርም የቴፑን ነገር አላለፈውም። ከውጭ የሚለጠፈው ቴፕ ፓኩ ወደ ማሽኑ መግባት አለመግባቱን ለመለየት ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ዓይነት ጠቋሚ ነው። ገብቶ መውጣቱን ይመሰክራል እንጂ ውስጥ ያለው መሞቱን አይመሰክርም። ፓኩ ውስጥ የሚገባው ጊዜን፣ ሙቀትንና እንፋሎትን አንድ ላይ የሚለካው አምስተኛው ዓይነት ወረቀት ነው፤ እሱም ቢሆን በየሳምንቱ የሚደረገውን የስፖር ፈተና አይተካም። በቴፕ ጥቁረት የሚምል ሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስላየ ብቻ ሳያነብ እንደሚፈርም ሰው ነው የሚል ነገርም ጣል አደረገ። ሲስተር በዚህች አልተደሰቱም።

መልስ 5

የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። የጻፈው የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ሲሆን የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ለየትኛው ከተማ ነው የተጻፈው?

15 ፒኤስአይ ላይ 121 ዲግሪ የሚገኘው በባሕር ጠለል ነው ይላል። እንፋሎት 121 ዲግሪ እንዲደርስ ጓዳው ውስጥ ያለው አጠቃላይ ግፊት 205 ኪሎፓስካል ገደማ መሆን አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ ከዚህ ውስጥ 101ዱን አየሩ ራሱ ይሰጣል፤ ቀሪው 104 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 15 ፒኤስአይ፣ በጌጁ ላይ ይነበባል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ አየሯ የሚሰጠው 76 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጥ ያለው ወደ 180 ኪሎፓስካል ነው፣ የእንፋሎቱም ሙቀት 117 ዲግሪ አካባቢ። 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 መጠጋት አለበት።

ለማስታወስ የሚቀል ሂሳብም ሰጠ፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግማሽ ፒኤስአይ ይጨመራል። በዚህ መሠረት ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 16 ይበቃታል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ 18 ትፈልጋለች፣ 2,840 ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ 19 ተኩል። አንዱ ወረቀት ግን በሁሉም ቦታ ተለጥፏል።

መልስ 6

ወዲያው ተቃዋሚ መጣ። ደጋ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ እንደሚፈላ፣ ባቄላም ቶሎ እንደማይበስል ማንም ያውቃል፤ አውቶክሌቭ ግን የተዘጋ ዕቃ ነው፣ የተዘጋ ዕቃ ውጭ ያለው አየር አይገደውም፣ ግፊት ግፊት ነው አለ። በእርግጠኝነት የተጻፈ ስለነበር ብዙ ሰው ተስማማ።

መልስ 7

የባዮሜዲካሉ ሰው ሳይቆጣ መለሰ። የተዘጋው ድስት ውጭው አይገደውም፣ እውነት ነው፤ የሚገደው ጌጁ ነው። ተራ ጌጅ የሚለካው በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ማሽኑን ከፍታችሁ ተመልከቱት አለ፤ መርፌው ዜሮ ላይ ነው፣ ጓዳው ግን ባዶ አይደለም፣ የከተማው አየር ሞልቶታል። የዚያ አየር ክብደት በየከተማው ይለያያል፣ ዜሮው ግን በሁሉም ቦታ ያው ዜሮ ነው። አንዳንዱ ጌጅ ላይ ከግፊቱ ጎን የዲግሪ ቁጥርም አለ። እሱን ያየ ሰው ሙቀት የሚነበብ ይመስለዋል፤ ቴርሞሜትር ግን የለም፣ ቁጥሩ ለባሕር ጠለል ተሰልቶ የተቀባ ቀለም ነው።

መልስ 6ን የጻፈው ሰው በአንድ ቃል አመሰገነና ዝም አለ። መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም።

መልስ 8 እና 9

አንዲት ነርስ ዲጂታል ማሽን ያላቸው ሰዎችም መጨነቅ አለባቸው ወይ ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ አጭር ነው። ማሽኑ የሚቆጣጠረው በማስወጫው መስመር ላይ ባለ የሙቀት ዳሳሽ ከሆነ 121 ሲል 121 ነው፤ ከፍታ አይነካውም፣ ጌጁ ላይ የሚታየው ግፊት ከለመዱት ከፍ ቢል አይደንግጡ። በግፊት ብቻ የሚቆጣጠር ከሆነ ግን ይመለከታታል። ዳሳሽ የሌለው ሰው ደግሞ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትር ፓክ መሐል አስገብቶ ዙሩ ሲያልቅ ያንብብ ተባለ። በሥራ ቦታ ሊደረግ የሚችል ነገር ስለሆነ ወደድኩት።

መልስ 10

45 ደቂቃን በቁጥር ያፈረሰው ይህ ነው። ለእነዚህ ስፖሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ4 ዲግሪ ሲወርድ ከመግደያው ፍጥነት የሚቀረው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በ117 ዲግሪ የተቆየው 30 ደቂቃ በ121 እንደ 12 ደቂቃ ይቆጠራል፤ 45 ቢደረግም 18 ብቻ ነው። ከ30 ጋር ለመተካከል 75 ደቂቃ ይጠይቃል። በዚያ ላይ እንፋሎቱ ወደ ፓኩ መሐል እስኪደርስ የሚጠፋው ጊዜ አለ። ጸሐፊው ግን ይህን ሂሳብ ይዛችሁ በ117 ለመሥራት ፈቃድ እንዳታደርጉት ሲል አስጠነቀቀ። ስሌቱ ጉድለቱን ለማሳየት ነው፤ መፍትሔው ሙቀቱን ማስተካከል ነው።

መልስ 11

ሲስተር ተመለሱ፣ ተቆጥተውም ነበር። ይህ ሁሉ ዓመት በ15 ሲሠራ ሰው አልሞተም፣ አሁን በወረቀት ሂሳብ ባለሙያን ማሳጣት ተገቢ አይደለም አሉ።

መልስ 12

የመለሰላቸው ሐኪም ነው፣ ለዘብ ብሎ ግን ሳያፈገፍግ። የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን የሚቆጠረው እስከ 30 ቀን ነው፣ ሰው ሠራሽ ዕቃ ከገባበትም በአንዳንዶቹ ቀዶ ሕክምናዎች እስከ 90 ቀን። ታካሚው በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቁስሉ ሲመግል የሚሄደው ሰፈሩ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ኦፕሬሽን ክፍሉ አያየውም፣ ስላላየውም የለም ይላል። ሁለተኛም፣ በደንብ የታጠበ ዕቃ ላይ ስፖር እምብዛም ስለማይኖር ደካማ አውቶክሌቭ ለብዙ ጊዜ ዕድል እየረዳው ሊሄድ ይችላል። የቴታነስና የጋዝ ጋንግሪን ስፖር የገባበት ቀን ግን ዕድል አይጠየቅም። ከዚህ በኋላ ሲስተር ስለ ሂሳቡ አልተከራከሩም።

መልስ 13

እኔ መልስ 5ንና መልስ 10ን ብቻ አንብቤ ብቀር ኖሮ አደጋ ላይ እወድቅ ነበር፤ ይህን መልስ ሳታነቡ ማንም ግፊት እንዳይጨምር። ጸሐፊው የጥገና ሰው ነው። 15ን ወደ 19 ከማንሣታችሁ በፊት ማሽኑ ላይ የተመታውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የሚፈቀደው ከፍተኛ የሥራ ግፊት ከ19 በላይ ካልሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፣ ማሽኑ ለደጋ አይሆንም። ከፈቀደም የደኅንነት ቫልቩ ስንት ላይ እንደሚከፈት ይታወቅ፤ ለብዙ ጊዜ ያልተነካ ቫልቭ በካልክ (ከውሃ በሚቀር ነጭ ቅርፊት) ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ይፈተሽ። ቀድሞ የሚተነፍስ ቫልቭ ላይ ክብደት መጫን፣ በሽቦ ማሰር ወይም ቀዳዳውን በጨርቅ መድፈን ማሽኑን ቦምብ ማድረግ ነው። የበሩን ጎማ ስንጥቅም ተመልከቱ፤ በ15 የማያፈስ ጎማ በ19 ሊያፈስ ይችላል። በካልክ ላይ ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ የቧንቧ ውሃ ጠንካራ በሆነበት ከተማ የተጣራ ውሃ ካልተጠቀሙ የማሞቂያው ብረት ነጭ ቅርፊት ይለብሳል፣ ግፊት ለመድረስም ይዘገያል።

መልስ 14

ከፍታውን ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን ነው የያዘው ብሎ የጀመረው ይህ መልስ ስለ አየር ነው። በባሕር ጠለል እንኳ፣ ጌጁ 15 እያሳየ፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ 121 የለም። ከአየሩ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ወጥቶ ከሆነ 115 ዲግሪ ነው፣ ግማሹ ከሆነ 112፣ ሲሶው ከሆነ 109፤ ምንም ካልወጣ 100 ነው። ጌጁ አየርና እንፋሎትን አይለይም፣ ሁለቱም ይገፉታል።

ስለዚህ ማስወጫው ክፍት ሆኖ ይሞቃል። መጀመሪያ የሚወጣው በየመሐሉ የሚቆራረጥ፣ የሚተፋ፣ ውሃ የቀላቀለ ነው። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል፤ የማይቆራረጥ ረጅም ፉጨት ይሆናል፣ እንፋሎቱም ከአፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጠብቆ ነው ማስወጫው የሚዘጋው። የ30 ደቂቃው ቆጠራ ደግሞ የሚጀምረው ማሽኑ ሲበራ ሳይሆን ግፊቱ የሚፈለገው ላይ ሲደርስ ነው። ይህን አንብቤ በጥያቄው ላይ ያለውን ማሽን የሚያሠሩትን ሰዎች ስጠይቅ፣ እንፋሎት እንደታየ ወዲያው እንደሚዘጋ ነገሩኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እንፋሎቱ ክፍሉን ያጨልመዋል፣ መስኮቱም አንድ ነው።

መልስ 15

ወደ እርጥብ ፓኮቹ የተመለሰው ይህ ነው፤ ሲስተር በመልስ 3 ያሉትን በስም ጠቅሶ ደገፈ። እርጥብ ፓክ ስቴራይል አይደለም፤ እርጥበቱ ከውጭ ያለውን ጀርም በጨርቁ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ሲሠራ የሚያጋጥሙትን ምክንያቶች እንደመጣለት ደረደራቸው፦ ጥቅሉ ይከብዳል (የልብስ ጥቅል ከ5 ኪሎ ባይበልጥ፣ ከ30 በ30 በ50 ሴንቲሜትር ባያልፍ)፤ ኪድኒ ዲሽና ሳህን በጀርባው ተኝቶ ውሃ ያቁራል፣ በጎኑ መቆም አለበት፤ ጥቅሎች ግድግዳውን ይነካሉ፤ ሥራው እንዳለቀ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈታል። ግፊቱ ዜሮ ከሆነ በኋላ በሩ ጣት የምታስገባ ያህል ብቻ ተከፍቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ትኩስ ፓክ የቀዘቀዘ የብረት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ያልበዋል።

ድራም (ጎኑ ቀዳዳ ያለው የብረት ማስቀመጫ) የምትጠቀሙ ካላችሁ የጎኑ ቀዳዳዎች ሲገባ ክፍት፣ ሲወጣ ዝግ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ተገላቢጦሹ ብዙ ጊዜ ይታያል። መጠቅለያ ጨርቅም ሁለት ድርብ ይሁን፣ በየዙሩ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ ተደጋግሞ የሞቀ ጨርቅ ደርቆ እንፋሎቱን ይመጠዋል። ወደ መብራት ከፍ አድርጋችሁ እዩት አለ፤ ቀዳዳው ያኔ ይታያል።

መልስ 16

ከዚህ ጀምሮ ክሩ ከአውቶክሌቭ ወጥቶ በረኪና ውስጥ ገባ። አንድ ጤና መኮንን ሁሉም ሰው የረሳው ነገር አለ ብሎ፣ ዕቃው ከመታጠቡ በፊት 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ 10 ደቂቃ መዘፍዘፉን ማንም አላነሣም አለ። ይህ ለብዙ ዓመት የተሰጠ ሥልጠና ነው፤ የሚያጥበውን ሰው ከኤች አይ ቪና ከጉበት ቫይረስ ለመጠበቅ የታሰበ ነበር።

መልስ 17

እርማቱ ወዲያው መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የሕክምና ዕቃዎች ማጽጃ መመሪያ ከመታጠብ በፊት በክሎሪንም ሆነ በሌላ ማጥፊያ መዘፍዘፍ አይመከርም። ደምና ፈሳሽ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል፤ የከሸፈው ባልዲ ራሱ የጀርም መራቢያ ይሆናል። ክሎሪኑ ዕቃውን ይበላዋል። በኬሚካል የተሞላ ባልዲ ተሸክሞ ኮሪደር ማቋረጥም ለሠራተኛው አደጋ ነው።

መላሹ አንድ አርተሪ ፎርሴፕስ (የደም ሥር መቆንጠጫ) አንሥታችሁ መጋጠሚያውን ከፍታችሁ በጣት ባትሪ እዩት ይላል። ቡናማ ነጥብ ካለ ዝገት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ክሎሪን የቆፈራት ጉድጓድ ናት፣ ውስጧ ደም ይደርቃል፣ ብሩሽ አይገባባትም፣ እንፋሎትም በደረቀ ደም ሥር ያለውን ላይደርስበት ይችላል። 10 ደቂቃ የተባለው በተግባር ማታ ተዘፍዝፎ ጠዋት የሚወጣ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

መልስ 18

ጤና መኮንኑ ስሜታዊ ሆነ። ሴመልዌስ በ1847 ቪየና ላይ ሐኪሞችን በክሎሪን እጃቸውን አስታጥቦ ነው የወላዶችን ሞት የቀነሰው፤ እናንተ አሁን ክሎሪንን ጥፋተኛ አደረጋችሁት አለ። እጅ አይዝግም የሚል ምላሽ ተሰጠው፣ ሳቅም ተከተለ። ከቀልዱ በኋላ ግን አንድ ሰው ነገሩን በቦታው አስቀመጠው፤ ክሎሪን ለወለል፣ ለአልጋና ለፈሰሰ ደም አሁንም ሥራ ላይ ነው። ደሙ መጀመሪያ በጨርቅ ይመጠጣል፣ ቦታው ይታጠባል፣ ከዚያ 0.5 በመቶው ፈሶ 10 ደቂቃ ይቆያል። ደሙ ላይ ቀጥታ ማፍሰስ ክሎሪኑን ማባከን ነው።

መልስ 19

በክሩ ውስጥ ከሁሉም የረጋ መልስ ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ የሲኤስአር ኃላፊ ናት፤ ጤና መኮንኑ ያነሣው የሠራተኛ ደኅንነት ጥያቄ ትክክል መሆኑን ተቀብላ፣ የሚጠብቀው ግን ባልዲው ሳይሆን መከላከያው ነው አለች። በስሱ የምርመራ ጓንት ስለታም ዕቃ የሚያጥብ ሰው በረኪና አያድነውም። ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ውሃ የማያስገባ ሽርጥ፣ መነጽርና ድፍን ጫማ ይኑር። ሥራው የሚጀምረው እዚያው ኦፕሬሽን ጠረጴዛው ላይ ነው፦ ደሙ ሳይደርቅ በእርጥብ ጎዝ ይጠረጋል፣ ዕቃው በውሃ በራሰ ጨርቅ ተሸፍኖ ክዳን ባለው ዕቃ ይሄዳል። በኖርማል ሳላይን አይራስ፤ ጨው ነው፣ ያዝጋል።

ሲታጠብ ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ከ45 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ የደሙን ፕሮቲን እንደ እንቁላል ያረጋዋል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። መጋጠሚያው ሁሉ ተከፍቶ፣ ብሩሹ ከውሃው በታች ሆኖ ይፈተጋል፤ ከውሃ በላይ ከተፈተገ ፊት ላይ ይረጫል። የሽቦ መፈተጊያ አይነካው። ያለቅልቁት፣ ያድርቁት፣ በብርሃን ይዩት፤ ከዚያ ይጠቀለል። እርጥብ ሆኖ የሚጠቀለል ዕቃ የመልስ 15ን ችግር ከቤቱ ይዞ ነው የሚገባው።

መልስ 20 እና 21

አንድ ሰው ለወለል 0.5 በመቶ ለመሥራት አንድ በረኪና በአሥር ውሃ ብሎ ጻፈ፣ ሌላው አረመው። ሂሳቡ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ለሚፈለገው አካፍሎ አንድ መቀነስ ነው። 5 በመቶ ከሆነ ለአንድ ሊትር በረኪና 9 ሊትር ውሃ፣ 4 በመቶ ከሆነ 7 ሊትር። ዱቄት ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው፤ 70 በመቶ የሆነው በሊትር ውሃ 7 ግራም ገደማ ይበቃዋል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የቀላቀለው ሰው መርዛማ ጋዝ ነው የሚያመርተው። ጠርሙሱ ላይ ምንም ቁጥር የሌለው በረኪና አትግዙ የሚለውን እኔም እደግመዋለሁ፤ ከምን ተነሥተው ያካፍሉታል?

መልስ 22

ከርዕሱ ፈጽሞ የወጣ ቢሆንም ጠቃሚ ነበር። የእጅ አልኮል እየጠፋ ነው ላለ ሰው የዓለም ጤና ድርጅትን ቀመር አስቀመጡለት፤ ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417፣ ግሊሰሮል 145፣ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ከመከፋፈሉ በፊት 72 ሰዓት ይቀመጣል፤ ፐርኦክሳይዱ በጠርሙሱ የነበረ ስፖርን የሚገድለው በዚያ ጊዜ ነው። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኤታኖል እንደሚያመርቱ የጠቀሰም ነበር፣ ከዚያ ስለ ስኳር ዋጋ ክርክር ተነሣ። እሱን ዘለልኩት።

መልስ 23

አንድ መስመር ነው። በ18ኛው ደቂቃ መብራት ከጠፋ ሲመጣ 12 አይጨመርም፤ አየሩ እንደገና ይወጣል፣ ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል።

መልስ 24

ውጤቱን ለማሳወቅ የተመለስኩበት ነው። የማሽኑ ሰሌዳ ከ19 በላይ ስለሚፈቅድ ቫልቩ በጥገና ሰው ተፈትሾ ግፊቱ 19 ላይ ተደረገ። ማስወጫው ፉጨቱ ከጠራ በኋላ 7 ደቂቃ እንዲቆይ ተደረገ፣ በሩም በጣት ክፍተት 30 ደቂቃ። ሦስት ዙር የስፖር ፈተና ተደርጎ የገባው ቱቦ በሦስቱም ሐምራዊ ቀረ፣ ማነጻጸሪያው ቢጫ ሆነ። እርጥብ ፓክ ቀንሷል፣ ድራሞቹ ላይ ግን አሁንም አለ። የግድግዳው ወረቀት ተነሥቷል፤ ሠራተኞቹ እንዳይረሱ 19 ላይ በጌጁ መስታወት በቀይ ቀለም መስመር ተሠምሯል። የበረኪናው ባልዲ ከኦፕሬሽን ክፍሉ በር ገና አልተነሣም፤ ወፍራም ጓንቱ አልመጣም።

መልስ 25

የባዮሜዲካሉ ሰው እንኳን ደስ አላችሁ ካለ በኋላ ቀዩን መስመር አልወደደውም። ጌጁ ሲበላሽ መስታወቱም አብሮ ይወጣል፣ መስመሩም አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ ጌጅ ሲገጠም ሁሉም ሰው ወደ 15 ይመለሳል። ቁጥሩን በሩ ላይ በብረት ሰሌዳ አስመቱት፣ ከተማውንና ከፍታውንም ጻፉበት አለ። ከዚያ ጌጁ ለመጨረሻ ጊዜ በሌላ ጌጅ የተመሳከረው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገ ጠይቄ እጽፋለሁ።